ከውሃው ማዶ ያለው ማሳ

«አንቺ ፊደልሽን ጻፊ፤ ውሃ አይሆንልሽም» አሉኝ ጋሼ፣ ፍኖተ ሰላም ታፔላ የምጽፍበት ቤት ባለቤት፣ ደንበኛው ቆሞ እየሰማ።

ደንበኛው ቡሬ ምግብ ቤት ሊከፍት ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ ሐይቅ እንዲሳልለት ይፈልጋል፤ ጋሼ ደግሞ ሥራውን ለባሕር ዳር ልጅ ሊሰጡት ነው። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ጀምሮ «የሴቶች ፀጉር ቤት» እና «የተፈጨ በርበሬ አለን» ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ግድግዳ ለማንም አልሰጥም።

«እስከ ሰኞ ጠብቁኝ፤ ውሃ ስዬ አመጣለሁ» አልኩ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ መራዊ፣ ከዚያ በባጃጅ ቆጋ ግድብ ደረስኩ። ውሃ ሰማያዊ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት፤ አይደለም። ጠዋት የብረት ድስት ይመስላል፣ ቀትር ላይ ዓይን ይወጋል፣ ከሰዓት ጭቃ ነው። ሦስት ወረቀት አበላሽቼ መራዊ አደርኩ።

እሁድ ገና ሳይሞቅ ወደ ግድቡ ተመለስኩ። አራተኛው ወረቀት እሺ አለኝ። እሁድ ስለሆነ ሞፈር የሚይዝ የለም፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሁሉ ከኋላዬ ቆመ።

«ከመሬት አስተዳደር ነሽ?» አሉኝ ጋቢ የለበሱ አዛውንት።

«አይደለሁም አባባ፤ ሥዕል ነው የምስለው።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ታዲያ የኔን ማሳ ምን ብለሽ አሳነስሽው?»

የእሳቸው ሽንኩርት ከውሃው ማዶ ነው፤ የጎረቤታቸው ድንች እኔ አጠገብ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የጎረቤታቸው መዳፌን ያህላል፣ የእሳቸው ጥፍሬን።

«ልጅቱ ልክ ናት፤ ድሮም ይህችው ናት መሬትህ!» አለ ጎረቤትየው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ብሩሼን ሰጠኋቸው። «አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑና እጅዎን ዘርግተው ይለኩት።»

ለኩ። ማሳቸው ከብሩሹ ጫፍ ኋላ ጠፋ። ብሩሹን መለሱልኝ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ቢሮ ሆኖ የሚያየው ሰው ግን ዓይኑን አይጨፍንም። አስተካክይው፤ አለዚያ ይህ ወረቀት ከዚህ አይሄድም።» ዱላቸውን መንገዱ ላይ አጋደሙት።

ማሳውን ላስፋው ብል ውሃው ይጠባል። ውሃው ደግሞ ገና አሁን ነው ውሃ የሆነው።

«አላሰፋውም» አልኩና እርሳስ የምቀርጽበትን ምላጭ አወጣሁ። የእሳቸውን ማሳ ከላይ፣ የጎረቤታቸውን ከታች ቆርጬ ለየባለቤቱ አስረከብኩ። «ይኸው፤ እናንተው ዘንድ ይቀመጥ።»

አዛውንቱ የራሳቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚያ እጄ ላይ የቀረውን ቁራጭ አተኩረው አዩ። መሐሉ ላይ፣ ውሃው የጠቆረበት ጋ፣ ጣታቸውን ሊያሳርፉ ቃጡና መልሰው ሰበሰቡት።

«እዚህ ላይ ከብት አይሻገርም» አሉ ለጎረቤታቸው። «ጥልቅ ነው።»

ዱላቸውን አነሱልኝ። ቀለሙ ስላልደረቀ አልጠቀለልኩትም፤ በሁለት እጄ ዘርግቼ እንደያዝኩ ባጃጅ ወደሚቆምበት ሄድኩ።