በመጽሐፉ ላይ የማልኩት

ከክፍል አውጥተው ነው የወሰዱኝ፤ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ቡራዩ ውስጥ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተምር ነበር። በፒካፕ ጭነው ሰበታ አካባቢ ወዳለ አሮጌ መጋዘን አደረሱኝ። የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ ማዳበሪያ ይከማችበት ስለነበር ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ወለሉ ላይ አንድ ሰው በደረቱ ተኝቷል። ሸሚዙ ከጀርባው ቁስል ጋር ተጣብቋል።

"ቲቸር ነህ አይደል?" አለኝ። "ጣቶችህ ነጭ ናቸው።"

ከወላይታ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጴንጤ ነበር። በሰልፉ ላይ ድንጋይ የወረወሩትን ጠቁም ብለውት ነው የገረፉት።

"መጠቆም አልፈልግም፤ መዋሸትም አልችልም። ስለዚህ ዝም እላለሁ" አለ።

ሐሳቡ ሥርዓት ያለው ስለሆነ ደስ አለኝ። እኔም እንደዚያው ለማድረግ ወሰንኩ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ፊት አቀረቡኝ። ጠረጴዛው ላይ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የሚቃወም፣ በኦሮምኛ በላቲን ፊደል በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ። አጠገቡ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ የፈተና ወረቀቶች ተደርድረዋል።

"አመሳስል" አለኝ።

ላስረዳ፤ መምህር የተማሪዎቹን እጅ ጽሑፍ ከመልካቸው እኩል ይለያል። ወረቀቱን የጻፈችው ልጅ «i» ፊደል ላይ ነጥብ በማድረግ ፈንታ ትንሽ ክብ ትሥላለች። ገና ከሩቅ ሳየው አወቅኩት።

ዝም አልኩ። ዘቅዝቀው ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉኝ። ቀጥሎ ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ ይዘው በዱላ መቱት። ሁለት ጣቶቼ ሲሰበሩ መጀመሪያ ድምፁን ሰማሁ፤ ሕመሙ ዘግይቶ መጣ።

መርማሪው ጮኾ አያውቅም። "ባርሲሳ" ይለኝ ነበር፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው።

"ባርሲሳ፣ አንተ ዝም ካልክ ነገ የክፍሉን ሴት ልጆች በሙሉ እዚህ አመጣለሁ። የሴት ጽሑፍ መሆኑ ያስታውቃል። ከመሃላቸው አንዷ መናገሯ አይቀርም።"

ጎትተው ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ለጓደኛዬ ነገርኩት።

"መዋሸት ኃጢአት ነው?" አልኩት።

"ነው።"

"ዝም ካልኩ ሁሉንም ይገርፏቸዋል።"

"ቲቸር፣ እኔ የማውቀው እዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን እሱን ራሱን ጠይቀው።"

ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የምደግመው ጸሎት ነበረኝ። ያን ቀን አልመጣልኝም። "ልጆቹን የሚያተርፋቸው የቱ ነው?" ብቻ አልኩ። መልስ አልሰማሁም። ግን ከዚያ በኋላ ገመዱን መፍራቴን ትቼ፣ እነሱን እዚያ ጠረጴዛ ፊት ማየት ፈራሁ።

በነጋታው ለመርማሪው "ይህን የጻፈ ተማሪ የለኝም" አልኩት።

"ሰንበት ትምህርት ቤት ታስተምራለህ አሉ" አለና ከመሳቢያው መጽሐፍ ቅዱስ አወጣ። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አስሯል። "ማል።"

እጄ የደረቀ ደም ነበረበት። "መጀመሪያ ልታጠብ" አልኩ።

ገራፊው ሳቀ። "ኧረ ጲላጦስ ሆነልን!"

መርማሪው አልሳቀም። "ውሃ ስጠው" አለው።

ከኮዳ እያፈሰሰልኝ ታጠብኩ። ሳልቸኩል፣ ያበጡትን ጣቶቼን አንድ በአንድ በሸሚዜ ጫፍ አደረቅኩ። ከዚያ እጄን መጽሐፉ ላይ ጫንኩ።

"ይህን የጻፈው ተማሪዬ ከሆነ እግዚአብሔር ይፍረድብኝ።"

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ የፈተና ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወደ ጎን ገፋቸው። ሴት ልጆቹ አልመጡም። እኔ አራት ወር ቆየሁ።

ስፈታ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ።

"በሐሰት በመማልህ ተጸጽተሃል?" አሉኝ።

"አልተጸጸትኩም፣ አባ። ዛሬም ቢሆን እምላለሁ።"

መስቀላቸውን እንደያዙ አቀረቀሩ። "ሳትጸጸት እንዴት ላቁርብህ ልጄ?" አሉ፤ ድምፃቸው ማዘናቸውን ያስታውቅ ነበር።

ይኸው እስከ ዛሬ አልቆረብኩም። ሌላው ሰው ሲቆርብ እኔ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። አልቀየምባቸውም፤ ሥርዓቱን እሳቸው አላወጡትም። ልጅቷም ይህን ሁሉ አታውቅም። "ይፍረድብኝ" ብዬ የጠራሁትን ፍርድ ግን እጠብቃለሁ። ሲጠይቀኝ የሆነውን እነግረዋለሁ። እሱን አልዋሸውም።