የሠርጌ ጋቢ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሰው ማማቴንም ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። እኔ አባቴን ክጃለሁ።

ሰው «ካደ» ሲባል ሃይማኖቱን የለወጠ ወይም አደራ የበላ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አባትን ለመካድ ግን ጩኸትም መሐላም አያስፈልግም።

በጃንሆይ ዘመን መርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ ጋሼ ደምሴ የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ልጃቸውን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ፣ እንደ ወጉ ዘሬ ተጠየቀ። አባቴ ሸማኔ ነው። ያን ጊዜ ሸማኔ የሠራውን እየለበሰ «ቁጢት በጣሽ» ብሎ የማይሰድበው አልነበረም፤ ለሸማኔ ልጅ ልጁን የሚድርማ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አባቴ ገበሬ ነበር፣ ሞቷል አልኩ። በቁሙ ቀበርኩት።

ሠርጉ ሲቃረብ አባቴ ወሬውን ሰምቶ ከቡልጋ መጣ። በእጁ የሠራውን ጋቢ ታቅፎ ሱቁ በር ላይ ቆመና «ልጄ» አለኝ። ጋሼ ደምሴ ቀና ብለው ዘመድህ ናቸው ወይ አሉኝ።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

አባቴ ዐይን ዐይኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ፣ «እውነቱን ነው ጌታዬ። ልጄ መስሎኝ ነው፤ ዐይኔ ደክሟል» አለ። ጋቢውንም ሊሸጥ እንዳመጣው ተናገረ። ጋሼ ዳሰሱት፣ ወደዱት፣ ገዙት። አባቴ የሰጡትን ሳይከራከር ተቀብሎ ሄደ። ለእኔ የለፋበትን ስጦታ፣ ውሸቴን ለመሸፈን ብሎ ሸጠው። እኔ ለምን አልተከተልኩትም? ጀርባው በሰዉ መሃል እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። እግሬን የያዘኝ ማንም አልነበረም።

ያንን ጋቢ ጋሼ በሠርጌ ቀን አለበሱኝ። ያየው ሁሉ የሠራው እጁ ይባረክ አለ።

ከዓመታት በኋላ የአባቴ መርዶ የመጣ ዕለት ያንኑ ጋቢ ጥለቱን ዘቅዝቄ ለብሼ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ማን ሞተብህ አለችኝ። ያን ጊዜስ ምን ፈራሁ? ተጋብተናል፣ ወልደናል።

«ያገር ሰው ነው» አልኳት። ሞቶም ካድኩት።

ልጅነት ነው አልልም፣ ዘመኑ ነው አልልም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ልጁን ፈልጎ መጥቶ፣ ሳያገኘው ተመለሰ።