ለመድረስ ዝቅ በል

ታላቅ ወንድሜ ሞጣ ታመው ተኝተዋል፤ እኔ ቢቸና ላይ ተቀምጬ በኮምፒውተር መንኮራኩር እነዳለሁ። በመካከላችን ያለው መንገድ ተዘግቷል። ዕድሜዬ ከሃምሳ ፈቀቅ ብሎ የሕዋ በረራ ጌም ላይ ተጥጄ ያየኝ ሰው ቢስቅ አልፈርድበትም።

ጌሙ የሳቸው ነው። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጌሙ ውስጥ ምድርን የሚዞር ጣቢያ ሲገጣጥሙ ቆዩ። ከዚያ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ጋረደው። ሦስት ጠፈርተኞች የጫነች መንኮራኩር ጥቂት ነዳጅ እንደያዘች፣ በዚያው ምህዋር ላይ ከጣቢያው ኋላ ቀረች። መንገዱ ሊዘጋ ሲል ጨዋታውን በፍላሽ አስገልብጠው በሚኒባስ ላኩልኝ።

"ጣቢያው ላይ ግጠማት። ሳልሞት ገባች በለኝ" አሉኝ በስልክ።

እንዴት አድርጌ ብዬ ጠየቅሁ።

"ፊት ፊት እያልክ አትደርስበትም። ዝቅ በል፤ ያኔ ትደርሳለህ።"

ምሥራቅ ጎጃም ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሰሙን ትቶ ወርቁን ይፈልጋል። አባታችን ቅኔ ቤት የኖሩ ሰው ነበሩ፤ እኛ ቤት "ጨው አቀብለኝ" እንኳ ስድብ ሊሆን ይችል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ላይ ከሁሉም ጋር እየተከራከርኩ ለጻፍኩት ለእኔ "ዝቅ በል" ምን ማለት እንደሆነ ለመፍታት ሊቅ መሆን አያሻም። ተኝተው እንኳ ትዕቢቴን ይነቅፋሉ ብዬ ተናደድኩ። ጣቢያው ከፊቴ ነው፤ ከፊት ያለን ነገር ለመያዝ ሰው ይፈጥናል። መንኮራኩሯን ወደፊት እንዲገፋት ሞተሩን አስነሳሁት።

መንኮራኩሯ ወደ ላይ ወጣች። ምህዋሯ ሰፋ፣ ዙሩ ረዘመባት፣ ጣቢያው ራቀ። በሽቄ ደገምኩ፤ ባሰ። ነዳጁ ከግማሽ በታች ሲወርድ ነው የገባኝ፤ ለካ ወርቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰውዬው የነገሩኝ ፊዚክስ ነው። ፍጥነት ስትቀንስ ወደ ምድር ትጠጋለህ፤ የታችኛው ዙር አጭርና ፈጣን ነው፤ ከሥር ከሥር ሄደህ ትደርስበትና ቀና ብለህ ትገጥማለህ።

በተረፈኝ ነዳጅ ዝቅ አልኩ። ሁለት ዙር ጠበቅሁ። ጣቢያው መጣ። መብራቱ ታየኝ፣ መግጠሚያ በሩም ታየኝ። ፍጥነቴን ከሱ ጋር ላስተካክል ሞተሩን ስነካው ትንሽ ነድዶ ጠፋ። መቶ ሜትር ሲቀረኝ በጎኑ አለፍኩ።

በማግስቱ ጠፍቶ የነበረው ኔትወርክ መጣ፤ ደወልኩላቸው።

"እህሳ?" አሉ።

"አለፍኩት፣ ጋሼ።"

"ስንት ሲቀርህ?"

"መቶ ሜትር።"

"መጀመሪያ ወደፊት ነው የገፋኸው፣ አይደል?"

"ሁለቴ።"

"አንተ ግትር! ዝቅ በል አላልኩህም?"

"የሰደቡኝ መስሎኝ ነዋ።"

ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። "ልሰድብህ ብፈልግ ቅኔ አላባክንም። ሰዎቹስ?"

"አሉ። እየዞሩ ነው።"

"መቼም ጌም ነው፣ አይርባቸውም። ቆይ፣ ዙሩ መልሶ ያገናኛችኋል።"

"ቢያገናኘንም ነዳጅ የለኝም።"

"እኔም የለኝም" አሉ። "በል፣ ልተኛ።"

ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሶቹ ተደርድረው ቆመዋል። ሞጣ ብሎ የሚጣራ አልነበረም።