እትዬ ጠርሙስና አልገጥም ያሉት አምስቱ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ እስክሪብቶ የምይዘው ለፊርማ ብቻ ነው። የእህቴን ነገር የሚጽፍልኝ ሰው ብፈልግ ብፈልግ አጣሁና ደፈርኩ። አጻጻፉ ቢበላሽ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ነገሩ ግን እሷ እንዳወራችኝ ነው።

እህቴ በአንድ የምርምር ቤት ብርጭቆና ጠርሙስ ማጠብ ከጀመረች አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሁሉም «እትዬ ጠርሙስ» ይሏታል። ያጠበችውን መስኮቱ ጋ ይዛ ታየዋለች፤ እድፍ ካየችበት «ና ወዲህ፣ አንተ ቆሻሻ!» ብላ ወደ ገንዳው ትመልሰዋለች።

እዚያ አንዲት ተመራማሪ ልጅ አለች። ሥራዋ ባክቴሪያ ላይ ነው። ባክቴሪያ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤ የሚባለውን ክሩን ይገለብጣል። ገልባጩ ከክሩ ላይ እንዳይወድቅ የሚይዘው ቀለበት አለ። ቀለበቱን ከፍተው ክሩ ላይ የሚያጠልቁት ደግሞ አምስት የፕሮቲን ቁራጮች ናቸው፤ ገጥመው እንደ አንድ እጅ ሲሆኑ ነው የሚችሉት። ልጅቷ አምስቱን ለየብቻ አዘጋጅታ ብርጭቆ ውስጥ ታገናኛቸዋለች። እነሱ ግን ሁለት ወር ሙሉ አልገጥም አሉ።

«እትዬ፣ ተኳርፈዋል መሰለኝ» አለቻት።

«አንድ ክፍል ቆልፈሽባቸው ውጪ፤ ሲርባቸው ይታረቃሉ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። የምርምር ቤቱ ኃላፊ «ችግሩ የእጅሽ ነው፣ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሽም» ብሏታል። ከሳምንቱ መጨረሻ በኋላ ሥራውን ለሌላ ሰው ሊሰጥባት ነው።

«ትናንት ብርጭቆ አልቆብኝ ከጎረቤት ክፍል ተዋስኩ» አለች ልጅቷ። «በዚያ ብቻ ትንሽ የገጠሙ መሰሉኝ። ዕድል ይሆናል።»

እህቴ ክው አለች። የሁሉንም ብርጭቆ በደንቡ መሠረት መጨረሻ ላይ በንጹህ ውሃ ነው የምታለቀልቀው። የዚችን ልጅ ግን ስለምትወዳት፣ እንዲያብለጨልጭላት ብላ፣ ከታጠበ በኋላ ሳሙና በነካው ጨርቅ ትወለውለዋለች። ሳሙና ደግሞ ፕሮቲንን ከፕሮቲን እንደሚያላቅቅ አዲስ ለሚመጣ ሁሉ ሲነገር ሰምታለች። አምስቱን የሚያላቅቃቸው የራሷ ፍቅር መሆኑ ግን እስከዚያ ቀን አልታሰባትም።

ዝም ብትል እንጀራዋ ይተርፋል። ባልዲውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመችና ተመለሰች።

«ልጄ፣ ያለያየኋቸው እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገረቻት።

ልጅቷ «እንዲያምርልኝ ብለው?» ብላ አንገቷን አቀፈቻት። በንጹህ ውሃ ብቻ በታጠበ ብርጭቆ እንደገና ሠሩ። ቁራጮቹ መግጠም አለመግጠማቸውን የሚያሳየው፣ ሁልጊዜ ብዙ ትናንሽ ጉብታ የሚስለው መሣሪያ ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ጉብታ ሳለ።

«ገጠሙ! እትዬ፣ ገጠሙ!»

«እሰይ! እንዲያ ነው እንጂ!»

«ለኃላፊው የጨርቁን ነገር አንነግረውም፣ እሺ? ከሥራ ያስወጣዎታል።»

እህቴ ጨርቁን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ካልተነገረው የሁለቱ ወር ጥፋት በልጅቷ እጅ ላይ ተጽፎ ሊቀር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይጠራት የኃላፊውን በር አንኳኳች። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «የልጅቷ እጅ ደህና ነው፤ ጥፋቱ እንዲያብለጨልጭላት ብዬ ብርጭቆዋን የምወለውልበት የዚህ ሳሙናም ጨርቅ ነው» አለችው። ኃላፊው ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ ጠርሙስ፣ የእርስዎ ፍቅር ደግሞ አረፋ አለው!» አለ። ከዚያ ልጅቷን አስጠርቶ እህቴ ባለችበት ይቅርታ ጠየቃት።

እህቴ እስኪጨርስ አልጠበቀችም። የተከመረ ብርጭቆ ነበራትና ወደ ገንዳዋ ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች።