ለድንጋዩ ከፍ፣ ለእናቱ ዝቅ

ዛሬ ጠዋት «ጌታነህ አረፈ» ብለው ደወሉልኝ። አላመንኩም። ስልኩን ዘግቼ የራሱ የጌታነህ ስልክ ላይ ደወልኩ፤ «ማነው የገደለኝ ደግሞ?» ብሎ እንዲስቅብኝ። ያነሳችው ባለቤቱ ናት። ድምፄን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች፤ ያን ጊዜ ቁርጡን አወቅኩ።

ለማታውቁት፦ ጌቱ የሞላሌ ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነው። በአሮጌ ላንድክሩዘር ከሞላሌ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም እስከ ራቤል ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር። እኔ ደብረ ብርሃን ጎማና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ስንገናኝ ግማሹ ጨዋታ፣ ግማሹ ጭቅጭቅ ነበር።

ሳለቅስ ውዬ አሁን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። እናንተም ስሙልኝ።

ከሚሊኒየሙ በፊት በነበረው ክረምት ነው። እናቱ እማማ አሰገደች ራቤል የተዳሩ ታላቅ እህት ነበሯቸው። ሁለቱም አርጅተው፣ መንገዱም ከብዷቸው ሳይተያዩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። በዚያ ክረምት እህትየው ታመዋል የሚል ወሬ መጣ። እማማ እህል አልበላ አላቸው። «እታለምን ሳላያት እንዳትሄድብኝ» ብቻ ነው ወሬያቸው።

ችግሩ መንገዱ ነው። ወደ ራቤል ሲኬድ የሚሻገሩት ወንዝ አለ፤ ወለሉ ድንጋይ በድንጋይ። የጌቱ መኪና በክረምት እዚያ ስትደርስ ሆዷን ድንጋይ ይይዛታል። ታዲያ ጌቱ እኔ ሱቅ መጣ።

«መኪናዋን ከመሬት ላስነሳት ነው» አለኝ።

«ምን ያህል?»

«ድንጋዩ እስኪያፍር!»

እኔም የማውቀውን ነገርኩት። «ከሥር በሚሸከማት ባሌስትራ ላይ ብትጨምርባት ከፍ የሚለው አካሏ ነው። ድንጋዩ የሚይዝብህ ግን ከኋላ ጎማዎቹ መሐል የተንጠለጠለውን ዲፈረንሻል ነው። እሱን ከመሬት የሚያርቅልህ ጎማ ነው። ከነበረው ትንሽ ከፍ ያለ ጎማ ግጠምና ሌላውን ተወው።»

«አንተ ጎማህን ልትሸጥ ነው» አለኝ። ምን ልበል? የነጋዴ ምክር ይጠረጠራል።

ጌቱ ነገር ማጋመስ አያውቅም። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ የብረት ቅጠል አስደረበ፣ ከሥሩ ወፍራም ብረት አስገባ፣ በዚያ ላይ ያገኘውን ትልቁን ጎማ ገጠመ። መኪናዋ ገና የተወለደች ግልገል መሰለች፤ ሁለመናዋ እግር። እሱ ግን እየዞረ ሲያያት ደስታው ልክ አልነበረውም።

የመንገዱ ቀን እኔም ሞላሌ ነበርኩ። እማማ ነጭ ለብሰው፣ ለእህታቸው ራሳቸው የበግ ፀጉር ፈትለው ያሠሩትን ባና ታቅፈው ወጡ። መኪናዋ ሥር ቆሙና ቀና አሉ። በሩ ደረታቸው ጋ ነው።

«ልጄ፣ ይኼን ቆጥ የሠራኸው ለማን ነው?»

በርጩማ መጣ፤ ተነቃነቀ፣ ፈሩ። ጎረቤቶች በብብታቸው ገብተን እናንሳቸው ሲሉ እማማ ወደ ኋላ ሸሹ።

«ኧረ ተዉኝ! ሰው በሰው ትከሻ የሚወጣው ሲታመም ነው፣ ወይ ሲሞት። እኔ ደኅና ነኝ!»

የኛ አገር ሰው ሲታመም በቃሬዛ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። እሳቸው ደግሞ በጤናቸው ሰው እንዲሸከማቸው አይፈቅዱም። ለመንናቸው፣ ንስሐ አባታቸውም ለመኗቸው፣ ወይ ፍንክች! ባናቸውን እንዳቀፉ ተመልሰው ገቡ።

ጌቱ ጎማው ላይ ተደግፎ ቀረ። ቆይቶ «ድንጋዩን ለካሁ፤ እናቴን ሳልለካ» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

ከዚያ ቤት ገባና እማማ በየቀኑ የሚወጡበትን የመደብ ቁመት በገመድ ለካ። ገመዱን ኪሱ ከትቶ ወደ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ሄድን። ብረቱ ወጣ፣ የተጨመረው ቅጠል ወጣ፣ ባሌስትራው እንደ ድሮው ሆነ። ጎማው እኔ ባልኩት ተቀየረ። መሪ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን፣ የጭቃ መከላከያውን፣ ስለነካ ጠርዙን ትንሽ ቆረጡለት። በሩ ሥር ደግሞ በገመዱ ልክ መርገጫ አስበየደ፤ ድንጋይ እንዳይመታው ወደ ላይ የሚታጠፍ።

ሞላሌ ስንመለስ እማማ መርገጫውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት። አንድ እግራቸውን አነሱ። ሌላውን አስከተሉ። ገብተው ተቀመጡና «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ጌቱ ጎማዎቹ ድንጋዩ ላይ እንዳያንሸራትቱ ትንሽ ትንሽ ነፋስ አስተነፈሰና በዝግታ ገባ። ውሃው በር ሥር ይንሿሿል፣ እማማ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ይላሉ። ዲፈረንሻሉ ድንጋይ ሳይነካ ተሻገርን! ጌቱ መሪውን ስሞ ወደ እኔ ዞረና «ጎማህን ሸጥክ» አለኝ።

ራቤል ላይ ልቅሶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ታማሚዋ እህት አልጋቸው ላይ ቀና ብለው «አንቺ፣ እንዴት ነው እንዲህ ያረጀሽው?» አሉ። እማማም ባናውን ትከሻቸው ላይ ጣል እያደረጉ «ከአንቺ አይብስም» አሉ። ሲሰዳደቡና ሲሳሳቁ ዋሉ። እህትየውም ድነው ተነሡ፤ ከዚያ በኋላ እማማ በየክረምቱ በመደባቸው ልክ የተሠራውን መርገጫ ወጥተው ራቤል ይሄዱ ነበር፣ እስኪያርፉ ድረስ።

ጌቱም ወጣት ሾፌር «ጋሼ፣ መኪናዬን ምን ያህል ላስነሳት?» ባለው ቁጥር መልሱ አንድ ነበር። «ለድንጋዩ ከፍ፣ ለእናቴ ዝቅ!»

ጌቱዬ፣ ነገ ሞላሌ እመጣለሁ። በሰው ትከሻ ልናወጣህ ነው፤ አንተ ደግሞ እንደ እናትህ እምቢ እንዳትለን። የሚያሳርፉህ ከእሳቸው ጎን ነው አሉኝ።

ደኅና ሁን፣ ወንድሜ። ድንጋዩን ጨርሰኸዋል። አሁን ለእናትህ ዝቅ በል።