በወንድሜ ስም የነበረችው መኪና

ከአገር የወጣሁ ማታ ቦሌ ድረስ የሸኘችኝ አክስቴ ነበረች። እናቴ ከሐርቡ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አልቻለችም፤ በስልክ ስታለቅስ እኔም እንዳላለቅስ ብዬ ዘጋሁባት። ኤጀንሲው አንድ ዓይነት ሻርፕ ያስደረገን ሴቶች ተሰልፈን ቆመናል፣ ፓስፖርታችን በአንድ ፌስታል ተጠራቅሞ በማናውቀው ሰውዬ እጅ ነው። አክስቴ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ «ዘይነባ፣ እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ ወንድም ያዢ» አለችኝ። የምን ወንድም ስላት፣ «የአገር ልጅ ነዋ! ቢያምሽ የሚደርስልሽ፣ ሰው ሲጠይቅሽ ‹ወንድሜ ነው› የምትዪው።» ስደት የወጣች ሁሉ ይህችን ምክር ታውቃታለች። እኔም እንደ ክታብ ይዣት ሄድኩ።

ዶሃ የተቀበለችኝ በነሐሴ ነው። እኛ ደግሞ ኮምቦልቻን ሞቃት እንላለን! እዚህ ከበር ስወጣ ፊቴ ላይ የመጣው አየር ክዳኑ የተነሳ ድስት ነው፤ መነጽር ያደረገ ሰው ሁሉ እየቆመ ይጠርጋል። መጀመሪያ ሙዓይዘር በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ገባሁ። ማዳም ክፉ አልነበረችም፣ ብቻ «ያላ ዘይነብ» ሳትለኝ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሩዙን ለመድኩት፤ በጠዋት የሚበላውን ጣፋጭ ግን እስካሁን አልለመድኩም፣ የእኛ ቤት በጠዋት የሚያቃጥል ነገር ካልቀመሰ ቀኑ አይጀመርም። ኮንትራቴን ስጨርስ ማዳም ፈቅዳልኝ አል አዚዚያ ካለ የሴቶች ፀጉር ቤት ተዛወርኩ። ሥራዬ በየቪላው እየዞርኩ ሹሩባ መሥራትና ሂና ማድረግ ነው። ባለቤቷ የቀጠረችኝ መንጃ ፈቃድ ስላወጣሁ ነው፤ «መኪና ከሌለሽ ሹግል የለሽም»፣ ሥራ የለሽም ብላ ቁርጡን ነግራኛለች።

ወንድሜንም በዚያው ሰሞን አገኘሁት። እንድሪስ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አል ዋዓብ ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበር። የዶሃን አደባባይ ሳልንቀጠቀጥ እንድዞር ያስለመደኝ እሱ ነው። አሮጌዋን ነጭ መኪና ስገዛ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ከማዳም ወደ ፀጉር ቤቱ ገና እየዞረ ስለነበር በእሱ ስም አደረግናት። ከዚያ «ነገ ስሟን እናዞራለን፣ ኢንሻአላህ» እያልን ከረምን። አርብ አርብ ከረክ ሻይ የሚሸጥበት በር ላይ ቆመን ጥሩምባ ስንነፋ ሻዩ መስኮታችን ድረስ ይመጣል። ሴቶቹ ይሄ ማነው ሲሉኝ «ወንድሜ ነው» እላለሁ፣ እሱም «እህቴ» ይለኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ወንድሜ እንዲሆን አልፈልግም ነበር። ግን ሴት ልጅ ይህን ለማን ትናገራለች? እሱ ይናገር ብዬ ጠበቅኩ።

እንድሪስ የተናገረው ሌላ ነገር ሆነ። አባቱ ታመው ነበርና ኢቃማውን ካንስል አስደርጎ ጠቅልሎ ሊገባ ነው፤ ትኬቱም ለሐሙስ ተቆርጧል። በሉ ስሟን እናዙር ባልንበት ሰኞ ኢስቲማራዋ ጠፋች። ኢስቲማራ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው ነው፤ ብቻ የእኛ ሊብሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሠርግ ልብስ ሥር ተኝቶ ይኖራል፣ የዚህ አገሩ የባንክ ካርድ የምታክል ፕላስቲክ ናት፣ አብራችሁ ትዞራለች። ቦርሳዬን ገለበጥኩ፣ ወንበሩን አነሳሁ፣ የሂናዬን ዕቃ ሁሉ አራገፍኩ። የለችም። እሱ ከሄደ በኋላ በሌለ ሰው ስም ያለች መኪና ማን ያዞርልኛል? መኪናዋ ከሄደች ሹግሉ ሄደ፤ ሹግሉ ከሄደ ኢቃማዬም ሄደ።

ከፖሊስ የመጥፋቱ ወረቀት ካልመጣ ትራፊክ ቢሮ ምትክ አይሰጥም አሉኝ። እንድሪስ ቤተሰቡን እያመላለሰ ስለነበር ብቻዬን ሮጥኩ። ፖሊሱ «መኪናዋ የማን ናት?» ሲለኝ፣ «የወንድሜ» አልኩ። አፌ የለመደውን አወጣ። እህት ብሎ ጻፈኝ፤ ፈረምኩ፤ «ነገ ወንድምሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ።

በማግስቱ ሁለታችን ቀረብን። ፖሊሱ ኢቃማዎቻችንን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዴ ካርዶቹን፣ አንዴ እኛን ያያል።

«ይሄ ወንድምሽ ነው?»

«አዎ።»

«ያንቺ አባት ይመር። የእሱ አባት አሊ።»

«አዎ።»

«እናታችሁ አንድ ናት?»

«አይ፣ የእሱ ኮምቦልቻ ናት፣ የእኔ ሐርቡ።»

«ታዲያ በምን ወንድምሽ ሆነ?»

«ሐርቡና ኮምቦልቻ እኮ ቅርብ ነው» አልኩት። ወላሂ እንዲህ ነው ያልኩት። አጠገቡ ያለው ባልደረባው ሻዩ ትን አለው።

ፖሊሱ አልሳቀም። «እህቱ ነኝ ብለሽ ፈርመሻል» አለ። «የሰው መኪና፣ የጠፋ ካርድ፣ ያልሆነች እህት። ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?» ስርቆት የሚል ቃል አልወጣውም፤ እኔ ግን ሰማሁት። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

መሐሪ ሰው ነበር መሰለኝ ቀና ብሎ አየንና፣ «ሪዳዓ ነው? አንድ ጡት ጠብታችኋል?» ሲል መውጫ ሰጠን።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ሃይማኖት የአንዲት ሴት ጡት የጠቡ ልጆች ከአንድ ሆድ ባይወለዱም ወንድምና እህት ናቸው። አባታቸው ቢለያይ፣ አገራቸው ቢለያይ ማንም አይከራከራቸውም። መቼም ቢሆን ግን አይጋቡም።

እንድሪስን አየሁት። እሱ አላየኝም። «አይዋ፣ ሪዳዓ» አለ፤ ለማሰብ እንኳ ፋታ አልወሰደም። «የጡት እህቴ ናት።»

«ኸላስ! ይህን ከመጀመሪያው ብትናገሩ ምን ነበረበት?» አለ ፖሊሱና ማህተሙን አሳረፈ።

ረቡዕ ምትኳ ወጣች፣ በዚያው ስሟ ዞረ። እንድሪስ «አብሽሪ፣ ተገላገልሽ» አለኝ። እኔ ስሜ ያለበትን ካርድ እያየሁ እንባዬ መጣ፤ የደስታ መሰለው። እኔን ለማዳን ነው ያለው? ወይስ እህቱ ብቻ መሆኔን መናገሪያ ቀዳዳ አግኝቶ ነው? ሐሙስ ኤርፖርት ሳደርሰው እጠይቀዋለሁ ብዬ መንገዱን ሁሉ ስለ ሻንጣ ኪሎ አወራሁ። ለእናቴ የላክሁትን ጨርቅና ሽቶ ይዞልኝ ገባ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አል ዋዓብ ደንበኛ ጋ ስሄድ እናቴ ደወለች። ዳር ይዤ አቆምኩና ሁሉንም በቀልድ አድርጌ አወራሁላት፤ ፖሊሱን፣ ሻይ ትን ያለውን፣ የጡት ወንድሜን። እኔ እስቃለሁ፣ እሷ አትስቅም።

«ቆይ» አለች። «የማንን ልጅ ነው እኔ ያጠባሁት?»

«እማ፣ ለወረቀቱ እኮ ነው።»

«አንቺን ከእኔ ሌላ ያጠባሽ የለም። ልጁንም ከዛሬ በፊት ዓይኑን አላየሁት። በፖሊስ ማህተም ወንድም ይሆናል እንዴ?»

«ተይው በቃ። እሱ ነው ያለው።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዕቃሽን ይዞልኝ መጥቷል» አለችኝ። «ይኸው ደጅ ተቀምጧል። ለምን እንዳለ እሱን ጠይቂው። ላቀብልሽ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ በሌላው እጄ መሪውን ጨበጥኩ።

«ዘይነባ? ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?»

አልተቋረጠም ነበር።