ሳይሞት የተለቀሰለት ወዳጄ

ይህ የደረሰው ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። እኔ ጂማ፣ ሄርማታ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ጋዜጠኛ ጉዳይ የምጽፍ ሰው አልነበርኩም። ግን ያን ዕለት ጠዋት ደዶ ላይ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋ ስላለኝ፣ ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ጓደኛዬ ነዚፍ በአካባቢያችን ሬዲዮ የጠዋቱን የቡና ገበሬዎች ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። ድምፁን የማያውቅ የለም። ባጃጅ ተሳፍሮ "ወራጅ አለ" ሲል እንኳ "አንተ ነህ እንዴ!" ብለው ወደ እሱ ይዞራሉ። እናቱ አዴ ዘይነባ የሚኖሩት ከጂማ ወጣ ብሎ ደዶ ነው። ስልክ የላቸውም። የልጃቸውን ደህንነት የሚያውቁት ጠዋት ሬዲዮ ከፍተው ድምፁን ሲሰሙ ነው።

አንድ ቀን ነዚፍ በገዛ ፌስቡኩ ላይ "ቡናውን ነቅሎ ጫት በተከለ ገበሬ አልፈርድም፤ ልጆቹን ማብላት አለበት" ብሎ ጻፈ። የቡና ሰው ሆኖ! አገሩ ተንጫጫ። ግማሹ ቡናችንን ናቀ አለ፣ ግማሹ ጫት ሰበከ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልተስማማሁም፤ ፊት ለፊት ነግሬው ተጨቃጭቀናል። ግን በሐሳብ መጨቃጨቅ ሌላ፣ የሰው እንጀራ መንጠቅ ሌላ።

አለቃው ጠርቶ "አጥፋውና ይቅርታ ጠይቅ፤ አለዚያ ማይክራፎኑን እርሳው" አለው።

ነዚፍ እምቢ አለ። "በሬዲዮ አልተናገርኩ። በቤቴ፣ በስልኬ፣ በስሜ ነው የጻፍኩት" አለ። በማግስቱ ጠዋት በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ገባ። ነዚፍ የት እንደሄደ ለአድማጭ የነገረ የለም። እሱም ስድቡ ሲበዛበት ስልኩን ዘጋ።

ሳምንት ሲያልፍ የእናቱ ነገር አሳሰበው። ብቻውን ሄዶ መንገር ግን አፈረ። ከባድ ነገር በሽማግሌ ነው የሚነገረው ብሎ የሰፈራችንን አዛውንት ሼህ ሙስጠፋንና እኔን ለመነን። ሼሁ ከሰዓት በኋላ የሚያስሩት ኒካህ ስለነበረባቸው ሱብሒ እንደተሰገደ ወዲያው ተነሳን።

ስንደርስ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ነዚፍ ከዳገቱ በታች ቆመና "እናንተ ቅደሙ። ለስለስ አድርጋችሁ ንገሯት፣ ከዚያ እመጣለሁ" አለን። እሺ ብለን ወጣን። ምን ጋርዶን እንደነበር አላውቅም። በማለዳ፣ ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ ከአንድ ወዳጅ ጋር አንገታቸውን ደፍተው ደጅ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ በአገራችን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። መርዶ ነው።

አዴ ዘይነባ በር ከፍተው አዩን። ሼሁ ሰላምታቸውን እንኳ አልጨረሱም።

"ኢልማ ኮ! ልጄን! ድምፁ ሲጠፋ አውቄዋለሁ! በጎረቤት ስልክ ሳስደውል ዝግ ሲሆን አውቄዋለሁ!" ብለው መሬት ላይ ወደቁ።

"ኧረ ደህና ነው! ወላሂ ደህና ነው!" ብል ማን ይስማኝ። መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚለው። ጎረቤቱ እየጮኸ ግቢውን ሞላው። አንዲት ሴት ደረቷን ትደቃለች።

ነዚፍ ጩኸቱን ሰምቶ ዳገቱን በሩጫ ወጣ። ሰዉ ደንግጦ መንገድ ለቀቀለት። እናቱ ፊቱን ዳሰሱት፣ አንገቱን ዳሰሱት፣ አላመኑም።

"ተናገር" አሉት።

"ሀርሜ፣ እናቴ፣ አለሁ።"

ይሄኔ አቅፈውት አለቀሱ። እኔም ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሼሁ ነገሩን ከሥሩ አስረዷቸው። አዴ ዘይነባ ሥራ ብቻ ነው እንዴ ብለው የሚስቁ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም።

"ይቅርታ ብትላቸው ይመልሱሃል?" አሉት።

"ይመልሱኛል። ግን ሀርሜ፣ ጥፋት የለብኝም እኮ።"

"አውቃለሁ ልጄ፣ የለብህም። እኔ ግን ያለ ድምፅህ ማንጋት አልችልም። አየህ አይደል፣ ዛሬ ቀበርኩህ። ሁለተኛ እንድቀብርህ አታድርገኝ።"

አለቃውን እምቢ ያለ ሰው እናቱን እምቢ ማለት አቃተው። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሊያለቅስለት በመጣው ሰው መሐል ቆሞ፣ ስልኩን ከፈተና ጽሑፉን አጠፋ። ይቅርታውንም ጻፈ። ሰዉ "አልሃምዱሊላህ" አለ፤ እሱ ግን ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ሥራው ተመለሰለት። አዴ ዘይነባም ጠዋት ጠዋት ይሰሙታል፤ ደስ ብሏቸዋል። አሁን ግን ነዚፍ የሚያነበው የተሰጠውን ወረቀት ብቻ ነው። ከገበሬው ጋር መቀለድ፣ መከራከር፣ "እኔ ግን" ማለት ቀረ።

በቅርቡ ሱቄ መጣ። ሱሪውን እያሳጠርኩለት፣ እንደ ድሮው ይጨቃጨቀኝ እንደሆነ ብዬ የጫቱን ነገር ሆን ብዬ አነሳሁበት።

"ያን ጊዜ ተሳስተህ ነበር፤ ቡና ነቅሎ ያለፈለት የለም" አልኩት።

ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ" አለኝ።

ሰው የደዶውን ነገር እንደ ቀልድ ያወራዋል። ሳይሞት ተለቀሰለት እያለ ይስቃል። እኔ አብሬ መሳቅ አቅቶኛል። ያ ሁሉ ለቅሶ በስህተት ነበር ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።